ሰቆጣ ሲቆጣ

ሻደይ ሊደርስ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ሰቆጣ ውስጥ ሥራ ፈት አይገኝም። ልጃገረዶቹ ጸጉራቸውን ይሠራሉ፣ ቅጠላቸውን ከየት እንደሚያመጡ ይመካከራሉ፤ እናቶች ቀሚስና ጌጥ ያሰናዳሉ፤ ቢሮዎች ደግሞ ባነር ያሠራሉ። በዓሉ የልጃገረዶች ነው፤ ባነሩ ግን የቢሮዎች ነው። በአንዱ ነሐሴ፣ እንዲህ ባለው ሰሞን፣ ባነርና ቲሸርት የሚያትም አንድ ቤት ውስጥ ተቀምጬ ተራዬን እጠብቅ ነበር። ኮምፒዩተሩ ላይ የተደፋው ወጣት ሃያ ዓመት ቢሞላው ነው። ከፊቱ ያለው ሥራ ቲሸርት ነው። ከላይ የከተማዋ ስም በእንግሊዝኛ፣ ከሥሩ በአማርኛ ይጻፋል፤ ሌላ ነገር የለውም።

እንግሊዝኛው ያምራል። ወፍራም፣ ደልደል ያለ፣ በየዘንጉ ጫፍ ላይ እንደ ጡብ የተነጠፈ እግር ያለው ፊደል ነው። አማርኛው ግን የኮምፒዩተሩ ተራ ፊደል ስለነበር እዚያ ግዙፍ ሥር ሲቆም የታመመ ይመስላል። ያሠራው ሰው ደግሞ በስልክ «እንግሊዝኛው እንዲህ ፈርጥሞ አማርኛው ለምን ቀጨጨ? አንድ ዓይነት አድርገው እንጂ!» ብሎታል። ልጁ ታዛዥ ነው። የእንግሊዝኛውን እግሮች ቆርጦ ከአማርኛው ፊደላት ሥር አንድ በአንድ ለጠፋቸው። ሲጨርስ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ «እንዴት ነው ጋሼ?» አለኝ።

እውነቱን ልናገርና አምሮኝ ነበር። «ጥሩ ነው» አልኩት።

ምሳ ይዛለት የመጣችው ታናሽ እህቱ ሦስተኛ ክፍል ናት። ፊደል በቅርቡ እንደለየ ሰው ሁሉ ያየችውን ጮክ ብላ ታነባለች። ሳህኑን አስቀምጣ ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለችና «ሲ... ቆ... ጣ» አለች። ትንሽ አሰበችና፣ «ወንድም ጋሼ፣ ማነው የሚቆጣው?»

ሳቅን። ተራ ጠባቂው ሁሉ ሳቀ። እሷ ግን አልሳቀችም፤ አልተሳሳተችምና። ያነበበችው የተጻፈውን ነው። «ሰ» ከቀኝ እግሩ ሥር ወደ ውጭ የወጣች ጭረት ከተቀጠለችለት «ሰ» መሆኑ ቀርቷል፤ «ሲ» ነው። እኔና ወንድሟ «ሰቆጣ» ብለን ያነበብነው ከተማዋን ስለምናውቃት ብቻ ነው። እኛ ያነበብነው ትዝታችንን ነው፤ ፊደሉን ያነበበችው እሷ ናት።

ከዚያ ቀን ወዲህ ዓይኔ ሥራ በዛበት። ታፔላ፣ ባነር፣ የመኪና መስታወት፣ የመጽሐፍ ሽፋን፣ የሙዚቃ ፖስተር... የትም ቦታ እግር እየቆጠርኩ እሄዳለሁ። ለመሆኑ ፊደላችንን በዚህ መልክ እንድናስጮኸው ማን አዘዘን?

እስቲ መጀመሪያ ይቺ እግር ከየት እንደመጣች እንይ። ፈረንጆቹ ይህን ዓይነቱን ፊደል «ስላብ ሰሪፍ» ይሉታል። ሰሪፍ በላቲን ፊደል ዘንግ ጫፍ ላይ የምትወጣ ጭረት ናት፤ ስላብ ደግሞ ጠፍጣፋ ድንጋይ። «ባለ ድንጋይ እግር» እንደማለት ነው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1810ዎቹ ቪንሰንት ፊጊንስ የተባለ የለንደን ፊደል ቀራጭ በናሙና መጽሐፉ ለገበያ አቀረበው። ዘመኑ ፋብሪካ የበዛበት፣ የሎተሪና የቲያትር ማስታወቂያ ግድግዳውን ሁሉ የሚያለብስበት ነበር። እስከዚያ ድረስ የማተሚያ ፊደል በአመዛኙ የሚቀረጸው መጽሐፍ ይዞ ለተቀመጠ አንባቢ ነው። አሁን ግን መንገድ ላይ እየተጣደፈ ለሚያልፍ ሰው መጮህ አስፈለገ። እርሳስ ለትልቅ ፊደል ስለሚከብድና ስለሚወደድ በ1820ዎቹ መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ ዳሪየስ ዌልስ በእንጨት ፊደል በብዛት ማውጣት ጀመረ። በሲኒማ የምናየው፣ የወንበዴ ምስል ያለበት «ተፈላጊ» የሚል የአሜሪካ ወረቀት የሚመጣልን ከነዚህ ባለ ወፍራም እግር ፊደሎች ጋር ነው።

የስሙ ነገር ደግሞ ያስቃል። ናፖሊዮን በ1798 ግብፅን ከወረረ ወዲህ አውሮፓ ውስጥ የግብፅ ነገር ፋሽን ሆኖ ነበርና ይህንንም ፊደል «ግብፃዊ» አሉት። በኋላም ሜምፊስ፣ ካይሮ፣ ካርናክ የሚባሉ ዘሮች ወጡለት። ከግብፅ ጽሑፍ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። አፍሪካ ስሟን ለገሰች፣ ፊደሉ የለንደን ነው። አፍሪካ ውስጥ እስከ ዛሬ በገዛ ፊደላችን የምንጽፈው እኛ ደግሞ ይኸው እግሩን ተበድረን እናጠልቃለን።

ለላቲን ፊደል እግር ጫማ ነው። «ኤል» ጫማ አጠለቀም አላጠለቀም «ኤል» ነው። ስለዚህ የለንደኑ ቀራጭ እንደ ልቡ ማወፈር ይችላል፤ እግሩን ድንጋይ ቢያደርገው፣ ምሰሶ ቢያደርገው የሚለወጥ ድምፅ የለም። የኛ ግን እግር ጫማ አይደለም። እግሩ ላይ አናባቢው ተቀምጧል።

ይህን ሁላችንም አራተኛ ወይም አምስተኛ ዓመታችን ላይ በዜማ ተምረነዋል፤ በዜማ የተማርነውን ነገር ግን መልሰን የምናስበው ስንቶቻችን ነን? በቡቢባ እንበልና ቀስ ብለን እንያት። «በ» ሁለት እኩል እግሮች አሏት። የቀኝ እግሯ ወገብ ላይ ጭረት ስትወጣ «ቡ» ናት። ጭረቷ ወርዳ እግሯ ሥር ስትሆን «ቢ» ናት። የግራው እግር ሲያጥር «ባ»፣ ቀኙ ሥር ቀለበት ሲገባ «ቤ»፣ የቀኙ እግር ሲያጥር «ቦ»። ከ4ኛው መቶ ዘመን፣ ከንጉሥ ዒዛና ዘመን በፊት የነበረው የድንጋይ ጽሑፋችን ተነባቢ ብቻ ነበረው። አናባቢው ሲመጣ ለብቻው ፊደል ሆኖ አልመጣም፤ የነበሩትን ፊደላት እግር አሳጥሮ፣ አስረዝሞ፣ ቀለበትና ጭረት ሰክቶ ገባ። ስለዚህ በኛ አገር «ፊደሉን እናሳምረው» ብሎ ከእግሩ ሥር ጡብ የሚያነጥፍ ሰው አናባቢ እያደለ ነው። ግዕዙን ሁሉ ሣልስ ያደርገዋል።

ውጤቱን እንየዋ። «በላ» «ቢላ» ይሆናል። «በራ» «ቢራ» ይሆናል፤ መብራት ስንጠብቅ ቢራ ይመጣልናል ማለት ነው። «ሰም» «ሲም» ይሆናል፤ የቅኔ መምህራን ምን እንደሚሉ እንጃ፣ የቴሌ ሰዎች ግን ደስ ይላቸዋል። «ሻደይ» «ሻዲይ» ይሆናል። በ2007 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን 2015) መንግሥት ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚደርሰውን መቀንጨር በአውሮፓውያን 2030 አስወግዳለሁ ብሎ በዚህችው ከተማ ስም የሰየመው ቃል ኪዳን አለ። «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ነው ስሙ። ያን የመሰለ ከባድ ቃል፣ የስንት ሕፃን ዕድሜ የተንጠለጠለበት ቃል፣ እግር አጥልቆ «የሲቆጣ ቃል ኪዳን» ሲሆን አስቡት። ሰው ሲቆጣ የሚገባው ቃል ኪዳን ደግሞ ምን እንደሚመስል እናውቃለን።

ከዚህ የባሰው ተቃራኒው ነው። ከሰቆጣ ጎረቤት ጋዝጊብላ አለ፣ መቀመጫው አስከተማ የሆነው ወረዳ። «ጋዝጊብላ» ሲጻፍ አምስት ፊደል ነው። ከአምስቱ ከሥሩ ጭረት የሚገባው አንዱ ብቻ ነው፤ «ጊ»። ጭረቷ የሱ ናት፣ በሕግ ያገኛት ናት። አምስቱንም እግር ስታለብሷቸው ግን የ«ጊ» ጭረት ምን ትርጉም ይኖራታል? ባለ ሥልጣን ሁሉ ኮፍያ ካደረገ ፖሊሱ በምን ይታወቃል? የአካባቢውን ስም ሰምቶ የማያውቅ የሩቅ አገር ሰው «ጋዝገብላ» ቢል፣ «ጊዝጊቢሊ» ቢል በምን እንፈርድበታለን? ታፔላው እኮ ሁሉንም እንዲል ፈቅዶለታል።

እዚህ ላይ የሚመጣውን መልስ አውቀዋለሁ፤ ከአንድ ሁለት ወጣት ዲዛይነሮች በቀጥታ ሰምቼዋለሁ። «ጋሼ፣ አታክብደው። ሰው እኮ ከዐውዱ ያነበዋል።» ልክ ናቸው፣ ያነበዋል። የለመደ አንባቢ ቃሉን በጥቅሉ ነው የሚያየው፣ ፊደል በፊደል አይሄድም። «መብራት ቢራ» የሚል ቢያይ ራሱ አርሞ ያልፋል። ጥያቄው ዐውድ የሌለው ሰው ምን ይሁን ነው። የሰው ስም ዐውድ የለውም። የቦታ ስም ዐውድ የለውም። የመድኃኒት ስም ዐውድ የለውም። ወፍራሙ ፊደል ደግሞ የሚጻፍበት ቦታ ይኸው ነው፤ ስም ላይ፣ ርዕስ ላይ፣ ማስጠንቀቂያ ላይ። ማንም ሰው ልብ ወለድ በጡብ እግር አያትምም።

አንባቢውስ ማነው? አዲስ አበባ ካፌ ውስጥ ተቀምጦ ጋዜጣ የሚገላብጠው ወዳጄ ከሆነ ግድ የለም፣ እንኳን እግር ክንፍም ብታበቅሉለት ያነበዋል። ዋግ ውስጥ ግን ሦስተኛ ክፍል ላይ ትምህርት አቋርጦ ከብት የሚያግድ ልጅ አለ። ጎልማሳ ሆና ፊደል የለየች፣ ዛሬም በጣቷ እየተከተለች የምታነብ እናት አለች። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመርና በኋላም በ15 ቋንቋዎች ሲሰጥ የዋጉ ኽምጣና ከአሥራ አምስቱ አልነበረም፤ ስለዚህ ብዙ ሰው ፊደል የለየው በሁለተኛ ቋንቋው ነው። ለነዚህ ሰዎች እያንዳንዷ ጭረት ትቆጠራለች። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በሰሜኑ አገር የተካሄደው ጦርነት ያልፈነዱ ተተኳሾችን ሜዳ ላይ ጥሎ ሄዷል። «አትንኩ» ብሎ የሚያስጠነቅቅ ሰሌዳ የሚቆመው ለከብት ጠባቂው እንጂ ለዲዛይነሩ ጓደኞች አይደለም። ያ ሰሌዳ ሦስት ጊዜ መነበብ የለበትም፤ በአንድ እይታ መግባት አለበት።

እግር ያላጠለቁትም ንጹሕ አይደሉም። እነሱ ደግሞ «ቦልድ» የምትባለውን ቁልፍ ይጫናሉ። ሰው ሁሉ ያቺን ቁልፍ ሲጫን ኮምፒዩተሩ ከሆነ ቦታ ወፍራም ፊደል የሚያመጣለት ይመስለዋል። ካለ ያመጣል። ከሌለ ግን ቀጭኑን ፊደል ወስዶ ዳርዳሩን ያብጠዋል፣ ወይም እዚያው ላይ ትንሽ ፈቀቅ አድርጎ ደግሞ ያትመዋል። በአውሮፓውያን 2007 ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር የመጣውና ብዙዎቻችን ደብዳቤ የጻፍንበት «ኒያላ» የተባለው ፊደል አንድ ውፍረት ብቻ ነው ያለው። ጆን ሃድሰን የተባለ በሙያው የተከበረ ካናዳ የሚኖር ሰው የሠራው ጥሩ ፊደል ነው፤ ወፍራም ወንድም ግን አልተወለደለትም። እናንተ ቦልድ ስትሉት ያበጠ ኒያላ እንጂ ወፍራም ኒያላ አይደለም የምታዩት። ማበጥና መወፈር ደግሞ ምን ያህል እንደሚለያዩ ሐኪም ጠይቁ።

ያበጠ ፊደል ውስጥ መጀመሪያ የሚሞተው ቀለበቱ ነው። የኀምስ ቀለበት ውስጧ ክፍት መሆን አለበት፤ ነጩ ሲደፈን ቀለበቷ ድብልብል ነጥብ ትሆናለች፤ ከሩቅ ሲታይ ደግሞ የሣልስ ጭረት ትመስላለች። «ሴ» ወደ «ሲ»፣ «ቤ» ወደ «ቢ» ይወርዳል። እስቲ ገጠር ውስጥ ከሁሉ በላይ መነበብ ያለበትን ታፔላ አስቡ፤ «ጤና ኬላ»። አራት ፊደል ሆኖ ሁለቱ ባለ ቀለበት ኀምስ ናቸው። ወፍሮ፣ ጥላ ተጨምሮበት፣ ዙሪያው በነጭ ተከብቦ፣ ሁለት ክረምትና ሁለት በጋ ሲያልፍበት «ጢና ኪላ» ይሆናል። እኔ ይህን አይቻለሁ፤ የት እንደሆነ አልናገርም፤ ሠራተኞቹ ምን በወጣቸው።

እንግዲህ «ታዲያ ፊደላችን ወፍሮ አያውቅም፣ ሊወፍርም አይችልም ነው የምትለው?» የሚል ይኖራል። ኧረ በጭራሽ! የሚያናድደኝም ይኸው ነው። ወፍሮ ያውቃል፤ አሳምሮ ወፍሯል። በ17ኛው መቶ ዘመን፣ በጎንደር ነገሥታት ጊዜ፣ የብራና ጸሐፊዎቻችን «ጉልሕ» የሚባል ትልቅና ወፍራም የአጻጻፍ ስልት አደላደሉ። ቀጭኑን «ረቂቅ» ይሉታል። ጉልሕና ረቂቅ! ቦልድና ላይት የሚባለውን ከፈረንጅ ሶፍትዌር ከመማራችን በፊት ስሙም ሥራውም በእጃችን ነበር። የመቃ ብርዕ አፉ ጠፍጣፋ ተደርጎ ይቀረጻል፤ ወደ ታች ሲሳብ ወፍራም፣ ወደ ጎን ሲሄድ ቀጭን መስመር ያወጣል። ስለዚህ ጉልሑ ሲወፍር የሚወፍረው ዘንጉ ነው። ጭረቷና ቀለበቷ ቀጭን ሆነው ከወፍራሙ ዘንግ ጎን ቁልጭ ብለው ይታያሉ። ቁም ጸሐፊው ይህን ያደረገው ለውበት ብቻ አይደለም። መጽሐፉ ጧፍ እየበራ፣ ከዓይን ርቆ፣ ቆሞ የሚነበብ ነው፤ «ሰ» ከ«ሲ» ቢደባለቅበት ደግሞ የሚፋለሰው የእግዚአብሔር ቃል ነው።

ከብራናው በኋላ የመጣው ታሪክ ግን ፊደላችን በሰው መሣሪያ ልክ ሲቆረጥ የኖረበት ነው። በአውሮፓውያን 1513 ሮም ውስጥ ዮሐንስ ፖትከን የተባለ ጀርመናዊ ከኢትዮጵያውያን መነኮሳት ተምሮ መዝሙረ ዳዊትን በግዕዝ አሳተመ፤ ቋንቋውን የከለዳውያን መስሎት ነበር፤ ቢሆንም ሥራው ሥራ ነው። በ1914 ዓ.ም. ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በራስ ተፈሪ ተቋቋመና በአገራችን የእርሳስ ፊደል በወጉ ተለመደ። ከዚያ የጽሕፈት መኪናው መጣ። ኢንጂነር አያና ብሩና እነሱን የመሰሉ ሰዎች ለላቲን በተሠራ መኪና ላይ የኛን ፊደል ለማስፈር ምን ያህል እንደተጨነቁ ለመረዳት የድሮ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ማየት ይበቃል፤ ፊደሉ አንድ ቦታ፣ ጭረቱ ፈቀቅ ብሎ ሌላ ቦታ። በነሱ አልፈርድም። ከአምሳ ያልበለጠ ቁልፍ ላይ ከሁለት መቶ በላይ ፊደል አስፍር የተባለ ሰው ሌላ ምን ያደርጋል? መኪናው አስገድዷቸዋል።

እኛን ያስገደደን ምንድነው? ከ1999 (በአውሮፓውያን) ጀምሮ ፊደላችን 345 ምልክቶች ይዞ ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም የፊደላት መዝገብ ገብቷል። ኮምፒዩተሩ የፈለግነውን ቅርጽ፣ በፈለግነው ውፍረት ይቀበላል። በ1990ዎቹና ከዚያም በኋላ እነ አባስ አላምነህ «ዋሽራ» በሚል ስም በነፃ ካደሏቸው የጌጥ ፊደላት አንዱ በፊደል ጥበብ በሚታወቁት በይገዙ ብስራት ስም የተሰየመው «ጎፈር» ነው። ጉግል በነፃ የሚሰጠው «ኖቶ» ከቀጭን እስከ ጥቁር ወፍራም ደረጃ በደረጃ የተሣለ የኢትዮጵያ ፊደል አለው፤ ያበጠ ሳይሆን በሰው እጅ አንድ በአንድ የወፈረ። እንግዲህ መሣሪያው አለ፣ ናሙናውም አለ። የጠፋው የሚጠይቅ ሰው ነው።

ልጁን አልወቅስም። ወቀሳዬ ለአዛዡ ነው። «አማርኛው እንግሊዝኛውን ይምሰል» ያለው እሱ ነው። ለምን አማርኛው እንግሊዝኛውን ይመስላል? ሰቆጣ ውስጥ፣ ለሻደይ በዓል፣ ኽምጣናና አማርኛ በሚናገር ሕዝብ መካከል፣ ማን ማንን መምሰል ነበረበት? መጀመሪያ የራሳችሁን ጉልሕ አሳምራችሁ ጻፉና ከዚያ «እንግሊዝኛውን ይህን የሚመስል ፈልግለት» በሉ። ላቲኑ እንደሁ ሺህ ዓይነት ልብስ አለው፤ አንዱ አይጠፋም።

የኽምጣና ነገር ከተነሣ አንድ ነገር ልበል። ልጆች በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ይማሩ ተብሎ ኽምጣና ትምህርት ቤት ገብቷል፣ የሚጻፈውም በዚሁ ፊደል ነው። አገው ቋንቋዎች ግን አማርኛ የሌለው ድምፅ አላቸው፤ ለምሳሌ «ጘ»ን የመሰለ ፊደል ያስፈልጋቸዋል። አማርኛን ብቻ አስበው የተሠሩት የጌጥ ፊደሎች ብዙዎቹ ይህን አያውቁትም። ጽፋችሁ ስታበቁ በቦታው ባዶ ሳጥን ይወጣል፤ ወይም ኮምፒዩተሩ ከሌላ ቀጭን ፊደል ተበድሮ ይሰካበታል። ሁሉም ወፍራም ሆኖ አንዱ ብቻ ቀጭን! የገዛ ቋንቋዋን የመጀመሪያ ታፔላ የምታነብ ልጅ፣ የሷ ብቻ የሆነችው ፊደል ሳጥን ሆና ስታገኛት ምን እንደምትማር አስቡት። «ይቺ ፊደል የለችም» ነው የምትማረው።

ታፔላ ጻፊዎቻችን የነበሩ ጊዜ ይህ ችግር አልነበረም። ጠፍጣፋ ብሩሽ ይዞ መሰላል ላይ የሚወጣው ሰው፣ ብዙውን ጊዜ የቄስ ትምህርት ቤት ያለፈ፣ ብሩሹን እንደ ብርዕ ነበር የሚስበው። ዘንጉን ያወፍራል፣ ጭረቷን ያቀጥናታል፣ የጎደለ ፊደል ቢያጋጥመው ይሥለዋል። ጥላም ይጨምርበት ነበር፤ ያም ሆኖ «ሰ» «ሰ» ነበረች። የባነር ማተሚያው ሲመጣ ያ ሰው መሰላሉን ሸጠ። ርካሽና ፈጣን ነገር መጣ፣ ጥሩ፤ ከሰውዬው ጋር የሄደውን ዕውቀት ግን ማን ተረከበው? ማንም። ማተሚያው ፊደል አያውቅም፤ የሰጡትን ያትማል።

ደግሞ ገንዘብ የለም አትበሉኝ። ለአንድ ቀን ስብሰባ የሚታተመው ባነር፣ ከስብሰባው በኋላ የእህል ማስጫና የቤት ክዳን የሚሆነው ሸራ፣ በዓመት ስንት እንደሚፈጅ ቢሮዎቹ ራሳቸው ያውቁታል። አርማ ለማስቀየር ጨረታ የሚያወጣ መሥሪያ ቤት አውቃለሁ። ፊደል ለማሠራት ጨረታ ያወጣ ክልል፣ ዞን፣ ባንክ አላየሁም። አንድ ሙሉ ወፍራም ፊደል ከነአገውኛው፣ ከነቁጥሩ፣ ከነነጥቡ ወደ ሦስት መቶ የሚጠጋ ሥዕል ነው፤ አንድ የሚያውቅ ሰው ወራት ይቀመጥበታል። አንዴ ከተሠራ ግን ከአበርገሌ እስከ ዳህና፣ ከጤና ኬላ እስከ ትምህርት ቤት ሁሉም ይጽፍበታል። ሠርተው የሸጡትንስ ምን አደረግናቸው? ሥራቸውን በፍላሽ እየገለበጥን ተቀባበልነው፤ ለሃያ ዓመት ጽፈንበት ሳንቲም ያልከፈልን ስንት ነን! እኔም አለሁበት፤ እጄ ንጹሕ አይደለም።

ወደ ልጁ ልመለስ። እህቱ ያነበበችውን ሰምቶ ከሳቀ በኋላ ዝም ብሎ ስክሪኑን ሲያይ ቆየ። ከዚያ እግሮቹን አንድ በአንድ ነቀላቸው። ከስልኩ ላይ የአንድ ብራና ፎቶ ፈለገና ከጎን ከፈተው፤ የ«ሰ»ን ሁለት ዘንጎች ከላይ እስከ ታች አወፈረ፣ ጫፋቸውን ቆረጥ አድርጎ ዘለል አደረገው፣ የ«ቆ»ን ቀለበት ከፈተ። ምሳው ቀዘቀዘ። እኔ ሥራዬን ጨርሼ ስሄድ «ጣ» ላይ ነበር፤ ሦስቱ እግሮች አልስማማ ብለውት። ማምሻውን ሳልፍ መብራቱ በርቷል፤ ተጠጋሁና አየሁት። ወፍራም ነው፣ ከእንግሊዝኛው ጎን ምንም አላነሰም፣ «ሰቆጣ» ይላል። እህቱን አስጠርቶ እንዳስነበባትና እንዳለፈችው ነገረኝ።

«ለዚህስ ስንት ትጠይቃቸዋለህ?» አልኩት።

ግራ ገባው። ቲሸርት ዋጋው በቁጥር ነው፣ ባነር በካሬ ሜትር። ደረሰኙን አወጣና አሳየኝ፤ ብዛት፣ ስፋት፣ የአንዱ ዋጋ፣ ጠቅላላ ዋጋ። ለፊደል የሚሆን መስመር የለውም።